ከአሜሪካ የሚመጣ ቪዲዮ ካሜራ፦ ካኖን አር 800 ወይስ ሶኒ ሲኤክስ 405?

ሰርገኛ ጤፍ (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ። እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው፤ ለገና ስትመጣ አንድ ቪዲዮ ካሜራ ይዛልኝ ለመምጣት ቃል ገብታለች። የምፈልገው ለሥራ ነው። ከጥር ጀምሮ ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት መቅረጽ አስቤአለሁ። ከተማው ውስጥ ባለሙያ ሞልቷል፤ እኔ ዓይኔን የጣልኩት ወደ ገጠሩ ነው። ትከሻ ላይ የሚቀመጠውን ትልቁን ካሜራ ማሰብ አልችልም፤ እህቴም ያን ያህል አቅም የላትም።

ሁለት መርጫለሁ። አንዱ ካኖን ቪክሲያ ኤችኤፍ አር 800፣ ሌላው ሶኒ ኤችዲአር ሲኤክስ 405። ሁለቱም ሙሉ ኤችዲ ይቀርጻሉ። ካኖኑ 32 ጊዜ፣ ሶኒው 30 ጊዜ ያቀርባል። የካኖኑ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ 1140 ጊዜ የሚል ዲጂታል ዙም አለ። በሌላ በኩል ሶኒው በሴኮንድ እስከ 50 ሜጋቢት ሲቀርጽ ካኖኑ 35 ላይ ይቆማል፤ ሶኒው በዋጋም ይቀንሳል። በቁጥር ከሄድኩ ልቤ ወደ ሶኒው ነው። ዕቃው ውቅያኖስ ተሻግሮ ከመጣ በኋላ መመለሻ ስለሌለው አስቀድማችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ባለ ስልኩ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ የእህትህን ገንዘብ አታባክን። ሶኒው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ካኖኑ በ2017 ነው። ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ 4ኬ ይቀርጻል። በዚህ ዘመን ቪዲዮ ካሜራ ይዞ ሰርግ ቤት መግባት ለጌጥ ካልሆነ ለምን እንደሚጠቅም አላውቅም።

ዘንባባ (ባሕር ዳር)

ሥራዬ ማቀናበር ነው፤ ሰው የቀረጸው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። የምፈርደውም ከሚደርሰኝ ነገር ተነሥቼ ነው።

በምስል ብቻ ከተመዘነ ባለ ስልኩ ያለው እውነት ነው። ሴንሰር የምንለው ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ነው፤ የካኖኑ 1/4.85 ኢንች፣ የሶኒው 1/5.8 ኢንች ነው። ከሰረዙ በታች ያለው ቁጥር ባደገ መጠን ሴንሰሩ ያንሳል፤ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ ስልክ ከሁለቱም የሚበልጥ አለው። ቀን፣ ሜዳ ላይ፣ ልዩነቱ አይታወቅም። ማታ ዳስ ውስጥ ግን የሙሽራው ጥቁር ካባ ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላል። በጧፍ ብርሃን የሚቆም ማኅሌት ከሆነማ አትሞክረው። 50 ሜጋቢቱም አያድነውም። ሴንሰሩ ያላየውን ብርሃን ሜጋቢት አይፈጥርም፤ ጉንዳኑን በጥራት ያስቀምጥልሃል እንጂ።

ስለዚህ "የቱ ጥሩ ምስል ያወጣል" የሚለውን ተወውና ድምፁን ጠይቅ። አንድ ቀረጻ ደርሶኝ ነበር። ከበሮው ይመታል፣ ጭብጨባው ደምቋል፤ ካሜራው ድምፁ እንዳይጮህበት በራሱ ጊዜ መቀበያውን ዝቅ አድርጎታል። ከዚያ ከበሮው ይቆምና አንድ አባት ለምርቃት ይነሣሉ። ካሜራው መቀበያውን መልሶ ከፍ እስኪያደርግ ጥቂት ሴኮንዶች ያልፋሉ፤ የምርቃቱ መነሻ በዚያ መሃል ተውጦ ቀርቷል። "አሜን!" የሚለው የሰዉ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ምን ተብሎ አሜን እንደተባለ ግን የለም። ቤተሰቡ "ድምፁን አውጪልን" ብለው ለመኑኝ። ያልተቀረጸ ነገር ከየት ይወጣል?

ካኖኑ 3.5 ሚሊ ሜትር የማይክ መግቢያና የጆሮ ማዳመጫ መስኪያ አለው። ሶኒው ሁለቱም የሉትም። ለልጅህ ልደት ብትል ኖሮ ሶኒው ይበቃሃል እልህ ነበር፤ ልታስከፍልበት ከሆነ ግን ማይክ የማይሰካበትን ካሜራ አትግዛ።

ባለ ስልኩ

እህቴ፣ ማይክ እኮ ስልክም ላይ ይሰካል።

ዘንባባ

ይሰካል። ስልክህ ግን ተክሊል ላይ ሳለ ይደወልልሃል። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይግላል፣ ሲግል ቀረጻውን ያቋርጣል። ማከማቻው ሲሞላም ካርዱን አውጥቶ ሌላ መክተት የለም። ቆየት ያለ ፎቶ ካሜራ የያዙትም ቢሆኑ ብዙዎቹ 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ይቆሙባቸዋል። ይህ ከሙቀት ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም፤ በአውሮፓ ኅብረት 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይከፈልበት ስለነበር አምራቾቹ ሆን ብለው ያስገቡት ገደብ ነው። ቪዲዮ ካሜራ ካርዱ እስኪሞላ ወይም ባትሪው እስኪያልቅ ይቀርጻል። ፋይሉን በየ4 ጊጋባይቱ ቢከፋፍለውም እኔ ስገጣጥመው ክፍተት አይታይበትም። ቅዳሴ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰርገኛ ጤፍ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። በይ ካኖኑን ልበላት?

የድሮ ቪዲዮ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

ቆይ፣ አትቸኩል ልጄ። ማንም ያላነሣው ነገር አለ።

እኔ በቪኤችኤስ ጀምሬ በሚኒ ዲቪ ክር ያለፍኩ ሰው ነኝ። በዚያ ጊዜ የአንድ ሰዓት ክር ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር፤ የዛሬ ልጆች ተገላግላችኋል። አንድ ነገር ግን ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ከአሜሪካ የሚመጣ ካሜራ ለአሜሪካ መብራት የተሠራ ነው።

የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 60። ባለ 50 ኸርዙ ሸምበቆ መብራት (ፍሎረሰንት) በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አይለየውም፣ ካሜራ ግን ይለየዋል። በአውሮፓ የሚሸጠው፣ ፓል የምንለው ካሜራ በሴኮንድ 25 ወይም 50 ምስል ስለሚያነሣ ከመብራታችን ጋር ይገጥማል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ካሜራ በሴኮንድ 30 ወይም 60 ያነሣል፤ የመዝጊያውን ፍጥነት በራሱ 1/60 ላይ ሲያደርገው ከመብራቱ ጋር ይጣላል። ሙሽራዋ ቤት ውስጥ ስትገባ ግድግዳው ሲተነፍስ ታያለህ፤ ይደምቃል፣ ይፈዛል፣ ይደምቃል። በመስክ ላይ የተቀረጸው ንጹሕ ሆኖ ቤት ውስጥ የተቀረጸው ብቻ የሚበላሽበት ሰው አጋጥሟችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ የመዝጊያውን ፍጥነት በእጅ 1/100 ወይም 1/50 ላይ ማሰር ነው። ያኔ ይሰክናል። ነገር ግን በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ካሜራዎች አብዛኛውን ነገር ራሳቸው የሚወስኑ ናቸው፤ በእጅ የሚስተካከል ከሌለው ተይዘህ ትቀራለህ። ጀነሬተር ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ድምፅ ማጉያውና ምጣዱ በአንድ ላይ ሲጎትቱት ሞተሩ ይደክማል፣ ኸርዙም ከ50 ይወርዳል፤ ያኔ ፓሉም ቢሆን አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል። መብራቱን አንተው ይዘህ ብትሄድ ይሻላል። በባትሪ የሚሠራ፣ ለቪዲዮ ተብሎ የተሠራ ኤል ኢ ዲ ዓይንህ እያየ ሁለቱንም ችግር ያቃልልሃል፤ የጨለማውንም የብልጭታውንም።

እንግዲህ ዘመድ አውሮፓ ወይም ዱባይ ካለህ ከዚያ ይምጣልህ። ያው ካኖን በአውሮፓ ስሙ ሌግሪያ ይባላል፤ የአር 800 አቻው ኤችኤፍ አር 806 ነው። ሳጥኑ ላይ 50ፒ የሚለውን አይተህ ውሰድ። 60ፒ ካለ የአሜሪካው ነው።

ዘንባባ

ጋሼ፣ ስላነሡት አመሰግናለሁ። እኔ ጋ የሚደርሰው ጣጣ ደግሞ ይህ ነው፦ አንዱ ካሜራ በ25፣ ሌላው በ30 የተቀረጸ ሰርግ አምጥተው "አንድ አድርጊው" ይሉኛል። እስክስታው ላይ ትከሻው እየተሰናከለ ይሄዳል። ሠርጎ ገቡ ካሜራ ሁልጊዜ ከአሜሪካ የመጣው ነው።

ሰርገኛ ጤፍ

ጋሼ፣ ይህን በፍጹም አላውቅም ነበር። የአክስቴ ልጅ ዱባይ አለች። እህቴ ገንዘቡን ለእርሷ ብትልክላትስ?

የድሮ ቪዲዮ ቤት

እሰየው። እንደዚያ አድርግ።

ፈረሰኛው (እንጅባራ)

ስለ ዙሙ እኔ ልናገር። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የሚቀርጽ ሰው የዙምን ነገር ያውቃል። ፈረሶቹ ከሜዳው ማዶ ይነሣሉ፤ ስልክ ይዞ የቆመው ሰው አቧራ ይቀርጻል። 30 እና 32 ጊዜ በሌንስ ማቅረብ ማለት የፈረሱን ጌጥ፣ የፈረሰኛውን ፊት ማየት ማለት ነው። ባለ ስልኩ እዚህ ላይ መልስ የለውም።

1140 የሚለውን ግን እርሳው። እሱ ምስሉን ቆርጦ ማተለቅ ነው፤ ስልክህም ያደርገዋል። ካኖኑ 57 ጊዜ የሚለውም ከሌንሱ የወጣ ሳይሆን በሴንሰሩ ላይ በመቆራረጥ የተገኘ ነው፤ ቀን ላይ ያስኬዳል። የሚታመነው 32ቱ ነው። እሱም ቢሆን መጨረሻው ድረስ ከሄድክ በእጅ አይያዝም። የሌንሱ ማረጋጊያ ደህና ነው፣ ተአምር ግን አይሠራም። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ካልያዝክ ፈረሱ በረጋ መሬት ላይ ሳይሆን በጀልባ ላይ የሚጋልብ ይመስላል።

ሌላም አለ። ሁለቱም በዓይን ተጠግቶ የሚታይበት መስኮት የላቸውም፤ ያለው የጎን ማያ ብቻ ነው። የካኖኑ 3 ኢንች ሆኖ በመንካት ይሠራል፣ የሶኒው 2.7 ኢንች ሆኖ በመንካት አይሠራም። በቀትር ፀሐይ ሁለቱም ላይ የራስህን ፊት ነው የምታየው። ጃንጥላ የሚይዝ ልጅ ይኑርህ።

ዘንባባ

ፈረሰኛው የሩቁን ተናገረ፣ እኔ የቅርቡን ልጨምር። ዳስ ውስጥ፣ ጎጆ ቤት ውስጥ፣ የሙሽራዋ እናት ደጃፍ ላይ ወደ ኋላ የምታፈገፍግበት ቦታ የለህም። እዚያ የሚያስፈልግህ የሌንሱ ስፋት ነው። ሶኒው ከ26.8 ሚሊ ሜትር ይጀምራል፤ ካኖኑ በጣም ሰፋ ቢል 32.5 ነው። ቁጥሩ ያነሰው ሰፊው ነው። ሶኒው ካኖኑን በግልጽ የሚበልጥበት ቦታ ይህ ነው፤ ሌላው የእሱ ብልጫ ወረቀት ላይ ነው። ካኖኑን ከያዝክ ሚዜዎቹ በአንድ ምስል ውስጥ ሁሉም እንዲገቡልህ አስቀድመህ ቦታ መያዝ አለብህ።

የጮቄ ጭጋግ (ደብረ ወርቅ)

ስለ ባትሪ ማንም አልተናገረም። ወደ ገጠር እሄዳለሁ ካልክ ከሁሉ በፊት እሱን ልታስብበት ይገባል።

የሶኒው ባትሪ ትንሽ ነው፤ ካሜራው ሆድ ውስጥ ስለሚገባ ከእሱ የሚበልጥ መግጠም አይቻልም። ያለህ አማራጭ ብዙ ትንንሽ ባትሪ መያዝ ነው። ካኖኑ ላይ ባትሪው ከኋላ ስለሚሰካ ቢፒ 745 የሚባለውን ትልቁን ትገጥማለህ። ወፈር ብሎ ቢወጣም ረጅም ሰዓት ይቆያል። ከካሜራው ውጭ በራሱ ቻርጀር የሚሞላ ተጨማሪ ባትሪ አብረህ እዘዝ፤ ካሜራው ሥራ ላይ እያለ ሌላው ይሞላል።

ወደ ጮቄ አካባቢ ሰርግ ከተጠራህ ደግሞ የጠዋቱ ብርድ ባትሪ ይበላል። ሙሉ የነበረው ባትሪ ድንገት ግማሽ ያሳይሃል። መለዋወጫውን ከጋቢህ ሥር ደረትህ ላይ ያዘው፤ ሲሞቅ ኃይሉ ይመለሳል።

መሪጌታ ሰፈር (ሞጣ)

የካርዱን ሂሳብ የሚያስረዳኝ አለ? 64 ጊጋባይት ስንት ሰዓት ይይዛል?

ዘንባባ

በቀላሉ ታወጣዋለህ። ሜጋቢቱን በ3600 አባዝተህ ለ8 ስታካፍለው በሰዓት የሚበላውን ሜጋባይት ይሰጥሃል። በ50 ሜጋቢት በሰዓት 22.5 ጊጋባይት ገደማ ይሄዳል፤ 64ቱ ሦስት ሰዓት አይሞላም። በ28 ሜጋቢት 12.6 ጊጋባይት ነው፤ ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል። ካኖኑ በሁለት የፋይል ዓይነት ይቀርጻል፤ በኤቪሲኤችዲ ከፍተኛው 28 ነው፣ በኤምፒ 4 ደግሞ 35።

ሶኒው በ50 ሜጋቢት እንዲቀርጽ ከተፈለገ ባለ 64 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፈጣን ማይክሮ ካርድ ይፈልጋል፤ ባለ 32ቱን ስትከት ያ ምርጫ አይፈቀድልህም። ካኖኑ ትልቁን ኤስዲ ካርድ ነው የሚጠቀመው። አንድ መክተቻ ብቻ ስላለው በሁለት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ የለም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ካርድ ከምትይዝ ሁለት መካከለኛ ያዝ፤ አንዱ ቢበላሽ ተክሊሉ ወይም መልሱ አንዱ ይተርፍሃል።

ጀማሪው (ቡሬ)

እዚህ ሱቅ ውስጥ "4ኬ፣ 48 ሜጋፒክስል" የሚል አዲስ ቪዲዮ ካሜራ አይቻለሁ። ከማይክና ከመብራት ጋር በሳጥኑ ነው። ዋጋው ከነዚህ ያነሰ ነው። ስሙን ግን ሰምቼው አላውቅም። እሱስ?

ፈረሰኛው

ሳጥኑ ላይ ስለ ዙሙ ምን ይላል?

ጀማሪው

16 ጊዜ ዲጂታል ዙም።

ፈረሰኛው

በል ተመለስ። ኦፕቲካል የሚል ቃል የለበትም ማለት ሌንሱ አይንቀሳቀስም ማለት ነው። ትንሽ ሴንሰር ያነሣውን ምስል አተልቀው 4ኬ ይሉታል። ስልክህ ይሻልሃል፤ ባለ ስልኩ እዚህ ላይ ይደሰት።

ባለ ስልኩ

ተደስቻለሁ። ግን ከዋናው ጥያቄ አልተመለስንም። ካኖኑ ሲወጣ በአሜሪካ ወደ 300 ዶላር ነበር። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 300 ዶላር በእኛ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ ትልቁ ባትሪ፣ ካርዶቹ፣ ማይኩ፣ መብራቱ፣ መቆሚያው። ለአንድ የገጠር ሰርግ ስንት ሊያስከፍል ነው ይህን ሁሉ የሚመልሰው? ምስሉ ደግሞ ከስልክ ያነሰ ሆኖ!

የድሮ ቪዲዮ ቤት

ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔ ግን የገጠሩን ደንበኛ አውቀዋለሁ። ሰዉ ማታ የተቀረጸው ጥቁር ካባ ላይ ስላለው ጉንዳን አይጠይቅህም። የሚጠይቅህ "አባባ የመረቁት አለ?" "አጎቴ ሲያቅራራ ተይዟል?" ብሎ ነው። ልጁ በክላሽ ሲተኩስ፣ አዝማሪው ስሙን ጠርቶ ሲያወድሰው፣ ሙሽራዋ ስትሸኝ እናቷ ያሉት። ያ ሁሉ ድምፅ ነው፤ ያ ሁሉ ደግሞ ሳይታሰብ የሚመጣ ስለሆነ ካሜራው ሳይቆም መሮጥ አለበት። ስልኩ የሚያምር አምስት ደቂቃ ይሰጥሃል፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለስምንት ሰዓቱ ነው።

ልጁ ሌላ ሁለት መቶ ዶላር ቢኖረው ኖሮ ያገለገለ ፓናሶኒክ ኤችሲ ቪ 770 ፈልግ እለው ነበር። ሴንሰሩ 1/2.3 ኢንች ነው፣ ሌንሱ እስከ ኤፍ 1.8 ስለሚከፈት ብዙ ብርሃን ያስገባል፣ የማይክ መግቢያም አለው። ማታ ላይ ከነዚህ ሁለቱ ጋር አይወዳደርም። ዙሙ 20 ጊዜ ብቻ ነው፤ ፈረሰኛው ያኮርፋል፣ ለሰርግ ግን ይተርፋል። እሱንም ቢሆን የፓሉን።

ፈረሰኛው

አላኮረፍኩም ጋሼ። 20ም ይበቃል፤ መቆሚያውን አይርሳ እንጂ።

መሪጌታ ሰፈር

ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድ ቃል። ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ካሜራ ይዞ ከመግባት በፊት አለቃውን ማስፈቀድ ነው። ጋሼ ያሉትን መብራትም ማኅሌት ላይ እንዳታበራ። ከመቋሚያውና ከጸናጽኑ ጋር የሚሄደውን ድምፅ በማይክ ያዝ፤ ምስሉ ቢጨልም ግድ የለም። እዚህ የሚያዳምጡት ሰዎች ዜማውን ነው የሚፈልጉት።

ሰርገኛ ጤፍ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ለእህቴ ደውዬ ነግሬአታለሁ፤ "እኔ አንድ ዕቃ ልገዛ ነው የወጣሁት፣ አንተ ሱቅ ልትከፍት ነው" አለችኝ። ገንዘቡን ዱባይ ላለችው የአክስቴ ልጅ ትልካለች። የምታየው መጀመሪያ ያገለገለ ቪ 770 ባለ 50ፒ፣ ካልተገኘ ሌግሪያ አር 806፣ ከትልቁ ባትሪ ጋር ነው። መቆሚያ ከዚሁ እገዛለሁ፤ መብራቱ ለሚቀጥለው ጥር ይቆይ። ማይኩ አስቀድሞ አለኝ፤ ስልክ ላይ የሚሰካ የአንገት ማይክ ነው።

ዘንባባ

የማይኩን መሰኪያ ጫፍ እየው። ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለው የስልክ ነው፤ ካሜራው ላይ ወይ ጭራሹን አይሰማም ወይ ሹክሹክታ ብቻ ይቀርጻል። ለካሜራ የሚሆነው ባለ ሁለት ቀለበቱ ነው። ሦስቱን ወደ ሁለት የሚቀይር አጭር ገመድ በርካሽ ይገኛል፤ የአክስትህ ልጅ ከካሜራው ጋር እሱንም ትያዝልህ። ከዲጄው ሚክሰር በቀጥታ ልስካ ካልክ ደግሞ የሚመጣው ድምፅ ለማይክ መግቢያ ከልክ በላይ ኃይለኛ ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ ለዚያ ኃይሉን የሚቀንስ ገመድ ያስፈልጋል።

ሰርገኛ ጤፍ

ቆጠርኩት። ሦስት ነው። አሁኑኑ እጽፍላታለሁ።